ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ላሉኝ ሥራ አስኪያጅ

ለአየር መንገዱ የዋሽንግተንና አካባቢው ቢሮ ክቡር ሥራ አስኪያጅ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
መስከረም 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። በእኛ ቋንቋ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰዎ» እንባባላለን፤ ሰውን ካሰበበት የሚያደርሰው እግዚአብሔር ብቻ ነው ማለታችን ነው። ይህን ስንል ኖረን ምን ያህል እውነት እንደሆነ የገባን ግን አምና፣ በእናንተ መልካም አገልግሎት ነው። ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤና፣ ለአውሮፕላኖቻችሁም ጥርት ያለ ሰማይ ከልብ እመኛለሁ።

ስሜ ብሩክታይት ወልደአምላክ ይባላል። የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነኝ፤ የምሠራው በአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ቢሮዎ መጥቼ እያለቀስኩ ያስቸገርኩዎት፣ እርስዎም በትዕግሥት ውሃ ያስመጡልኝ ሴት ነኝ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ለጻፍኩልዎት ደብዳቤ ሁሉ ኮምፒውተራችሁ «ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን» እያለ ስለሚመልስልኝ፣ በአማርኛ ብጽፍም የሚጎድል ነገር አይኖርም ብዬ የጋዜጣችንን አዘጋጅ ቦታ ለመንኩ፤ እሳቸውም ፈቀዱልኝ።

አንባቢዎችም ነገሩ እንዲገባቸው፣ እርስዎም ስለ ማን እንደማወራ እንዲያውቁት፣ ከአባቴ ልጀምር። አባቴ አቶ ወልደአምላክ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ወደዚህ አመጣኋቸው፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ታናሽ ወንድሜ በፈቃዱ ስቶክሆልም ነው። አባትና ልጅ ከተለያዩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እናቴ የሞተች ጊዜ የበፈቃዱ የመኖሪያ ፈቃድ ገና አልተወሰነም ነበር፤ ያኔ ከስዊድን ቢወጣ ተመልሶ አይገባም ነበር። ስለዚህ ለቀብር አልመጣም። ይህን ለአባቴ ማስረዳት አልተቻለም። ሚስታቸውን ቀብረው በተመለሱበት ቀን፣ ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ በስልክ እንዲህ አሉት፦

«እናትህን ያልቀበርክ፣ እኔንም አትቀብረኝም።»

ስልኩንም ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚለዋወጡት በእኔ በኩል ነው። «ደህና ነው ወይ በዪልኝ» ይላሉ፤ «ደህና ናቸው ወይ» ይላል። እኔም እንደ እናንተ የመረጃ ሠራተኛ በመካከል ሆኜ ሁለቱንም «ደህና ነው» ስል ኖሬያለሁ።

በፈቃዱ ሳምሪ የምትባል ልጅ ሊያገባ መሆኑን ስነግራቸው አባቴ የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን አነሡ። ከዚያ «አሁን ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው።

«ሱፍ ልሰፋለት ነው። ፎቶ ካለሽ አምጪ፤ ሙሉ ቁመቱ የሚታይበት ይሁን።»

ክረምቱን ሙሉ ምድር ቤታችን፣ ቤዝመንቱ ውስጥ የልብስ መኪናቸውን ሲያንኳኩ ከረሙ። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ለሙሽራው፣ አንድ ለራሳቸው። ልጁን ሳይለኩ፣ ከፎቶና ከትዝታ ብቻ ነው የቆረጡት። አንድ ቀን ሻይ ልወስድላቸው ወርጄ፣ ያኔ ድንኳን ውስጥ ስለ ተናገሩት ነገር በስልክ ቢያነጋግሩት ምን አለበት ብዬ ለመንኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ «በስልክ የተናገርኩትን በስልክ አላነሳውም። ፊት ለፊት ሆኜ ነው የምነግረው» አሉኝ። ምን እንደሚነግሩት ግን አልነገሩኝም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ሰው ነው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሐሙስ ማታ ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በፍራንክፈርት አድርጋችሁ ስቶክሆልም እንድታደርሱልኝ በአደራ የሰጠኋችሁ። ሰርጉ እሁድ ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዊልቸር አዝዤላቸዋለሁ፤ ትርፍ ስልኬንም ሰጥቻቸዋለሁ። ቻርጀሩንና የንባብ መነጽራቸውን ግን ከሙሽራው ሱፍ ጋር ሻንጣው ውስጥ ከተው ኖሯል። ከዚህ በኋላ ስላደረጋችሁልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያ አባቴን ፍራንክፈርት በሰላም ስላሳረፋችኋቸው አመሰግናለሁ። ዓርብ ጠዋት ነው የገቡት፤ እሳቸው ካረፉ ብዙም ሳይቆይ፣ አይስላንድ ውስጥ የፈነዳው እሳተ ገሞራ አመዱን በአውሮፓ ላይ ስለ በተነው ኤርፖርቱ ተዘጋ። ስለ እሳተ ገሞራው እናንተን አልወቅስም፤ እናንተ አላፈነዳችሁትም። ስልክ ቁጥራችሁን ስደውል ግን ያነጋገረችኝ ልጅ አንድ የምታጽናናኝ ነገር ነበራት፦ «አይጨነቁ፣ ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም እኮ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።» ሁለተኛ ስደውል ያነሣው ሰውም ይህንኑ አለኝ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ርቀቱ አጭር መሆኑን እንዲህ በአንድ ቃል የሚመሰክሩ ሠራተኞች ስላሏችሁ ደስ ሊላችሁ ይገባል።

በስልክ አልሆን ሲለኝ የዚያኑ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ እርስዎ ቢሮ ተነሣሁ። ቀለበት መንገዱ ቤልትዌይ ላይ አደጋ ደርሶ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበርና፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቼ፣ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እስክደርስ እኔም ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እርስዎ ግን በክብር ተቀበሉኝ። ግድግዳዎ ላይ ካለው ትልቅ ካርታ ፊት አቁመው፣ ፍራንክፈርትን በአውራ ጣትዎ፣ ስቶክሆልምን በሌባ ጣትዎ ነክተው አሳዩኝ።

«ይመልከቱ» አሉኝ፣ «በአየር አሥራ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰማዩ በጠዋት ከተከፈተ አባትዎ ለምሳ ይደርሳሉ።»

እኔም የወንድሜን ሐሳብ ነገርኩዎት። ባቡር አለ፤ አንድ ቀን ቢፈጅም እስከ ሰርጉ ያደርሳቸዋል፤ በፈቃዱ ከዚያ ሆኖ ቦታ ያስይዝላቸዋል፤ ኤርፖርት ድረስ የሚመጣላቸው ሰውም አለው።

እርስዎም፣ «መብትዎ ነው፤ ነገር ግን ከስቶክሆልሙ በረራ ከቀሩ የመመለሻ ቲኬታቸው ይሰረዛል። ሻንጣውም ጉዞው እስኪያልቅ አይወጣላቸውም። እኔ ብሆን እጠብቃለሁ» አሉኝ።

2. ስለዚህ ምክር ሁለተኛውን ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ከመኪና ማቆሚያው ሳልወጣ ለአባቴ ደውዬ ያሉኝን ሁሉ ነገርኳቸው። አባቴ መመለሻውን አልሰሙትም፤ የሰሙት ሻንጣውን ነው።

«የልጁን ሱፍ ጥዬ ባዶ እጄን ልሂድ?» አሉ። «ሰውየው ጠብቁ ካለ እጠብቃለሁ። የማያውቁትን አይናገሩም።»

ይመስገኑ፤ ከዘመዶቼ ሁሉ በእርስዎ ያመኑት አባቴ ናቸው። ቅዳሜ ኤርፖርቱ አልተከፈተም። በስልክ «ምናልባት ነገ» ተባልኩ። እሁድ ጠዋትም አልተከፈተም። አባቴ ከሌሎች ብዙ ሰዎች ጋር ወንበር ላይ አደሩ። አንዲት የኤርፖርት ሠራተኛ ብርድ ልብስ ሰጥታቸው ነበር፤ የእናንተ ሠራተኛ ከሆነች የእሷን ምስጋና ከእኔ ምስጋናዎች ጋር እንዳትቀላቅሉት እለምናለሁ፤ የእሷ እውነተኛ ነው።

3. ሦስተኛው ስለ ሰርጉ ነው። አዳራሹ ተይዟል፤ እንግዳው ተጠርቷል፤ ቀኑን መለወጥ አልተቻለም። በፈቃዱ ከሱቅ የገዛውን ሱፍ ለብሶ ተሞሸረ። አባቴ የስልኩ ባትሪ እያለቀ መሆኑን ስላወቁ፣ ለዚች ሰዓት እንዲቆይላቸው ቅዳሜን ሙሉ ስልኩን አጥፍተው ነበር የዋሉት። ምሳ ከተበላ በኋላ በፈቃዱ ደወለላቸውና ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋው። እኔም ሳሎኔ ተቀምጬ የሳምሪ እኅት በያዘችው በሌላ ስልክ እሰማ ነበር።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ትዳራችሁን ያጽናላችሁ።»

አዳራሹ ሁሉ «አሜን» አለ።

«ውለዱ፣ ክበዱ። በሰው አገር ሰው አያሳጣችሁ።»

«አሜን።»

«በፈቃዱ፣ ልጄ… እናትህ ስትሞት የተናገርኩህን ያንን ቃል…»

እዚህ ላይ ስልኩ ሞተ። የስልኩን መሞት ያወቅነው እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። እንግዳው ቃሉ ያለቀ መስሎት፣ በለመደው ዜማ፣ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በምርቃት የሚያምኑ ሰው መሆንዎን አላውቅም። እኛ ግን እናምናለን። ወንድሜ የሚያውቀው ያ ቃል አንድ ነው፤ በድንኳን ውስጥ የተነገረው። አሁን ደግሞ በሰርጉ ቀን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አሜን አለበት። አባቱ ሊያነሡለት ነበር ወይስ ሊያጸኑበት? ደውሎ እንዳይጠይቅ ስልኩ አይሠራም። ከሰርጉ በኋላ ሲደውልልኝ እያለቀሰ፣ «አሜን ተባለበት እኮ፣ ብሩክቲ» ብቻ ነበር የሚለኝ። እኔም የማውቀው ነገር ሳይኖረኝ፣ አባባ እንዲያ አይሉም እያልኩ አጽናናሁት።

4. አራተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ አባቴን በመጨረሻ ስላሳፈራችኋቸው ነው። ሰኞ ሰማዩ አሁንም እንደተዘጋ በፈቃዱ ቆርጦ ተነሣ። «እኔው ሄጄ አመጣቸዋለሁ» አለኝ። ሳምሪ ብቻህን አትሄድም አለችው። ሁለቱም የሰርግ ልብሳቸውን አውልቀው ጂንስ ለበሱና በመኪና መንገድ ጀመሩ፤ በዴንማርክ ድልድይ ተሻግረው፣ ጀርመንን ከላይ እስከ ታች አቋርጠው። እርስዎ በሁለት ጣቶችዎ መካከል ያሳዩኝ ያ ቦታ በመኪና ሲኬድ መሽቶ ይነጋበታል።

እኔም ወዲያው ወደ እናንተ ደወልኩ። አባቴን ካሉበት እንዲያገኟቸውና «ልጅዎ በመኪና እየመጣ ነው፤ ካሉበት እንዳይነቃነቁ» እንዲሏቸው ለመንኩ። የመለሰችልኝ ልጅ ትሑት ነበረች፤ አባቴን ለማግኘት ሞክራ እንደሆነ ልጠይቅ ደግሜ ስደውል «መልእክቱ ተላልፏል» አለችኝ። ለማን እንደተላለፈ አልጠየቅኋትም፤ ይህ የእኔ ስንፍና ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ረጅም በረራዎች መነሣት ሲጀምሩ፣ የፍራንክፈርት ሠራተኞቻችሁ የአባቴን ስም በኮምፒውተር አገኙት። ከስሙ ጎን ከአሌክሳንድሪያ የተጻፈ ማስታወሻ ነበር፤ ኋላ እርስዎ ራስዎ አሳይተውኛል። «የጉዞው ምክንያት እሁድ የሚደረግ ሰርግ» ይላል። እኔ ፊትዎ እያለቀስኩ የነገርኩዎትን፣ አባቴን ያስቀድሙልኛል ብዬ ደጋግሜ ያልኩትን፣ እርስዎ አልረሱትም፤ ጽፈውታል። እሁድ ስላለፈ ጉዞው ምክንያት የለውም ተባለ። ምክንያት የሌለው ተጓዥ ደግሞ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። የስቶክሆልሙን በረራ ከተዉ መመለሻቸው ይሰረዛል የተባለው ደንብ፣ እናንተ ስትተዉላቸው አልተሰረዘም፤ እንዲያውም ከሰው ሁሉ ፊት ወንበር አስገኘላቸው።

አባቴ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው። ሠራተኛው ፓስፖርታቸውን አይቶ «ሆም?» አላቸው። ሆም ቤት ማለት መሆኑን ያውቃሉ። ቤት ያሉት የልጃቸውን ቤት ነው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። በዊልቸር ተገፍተው ገቡ። ወረቀቱን እንዳያነቡ መነጽር የለም፤ ደግሞም ለቀናት ያልተኙ ሰው ነበሩና ቀበቷቸውን እንዳሰሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

የቀረውን የነገረችን ወይዘሮ አየለች ናት፤ የሀያትስቪል ነዋሪ፣ ከአዲስ አበባ ስትመለስ እሷም ፍራንክፈርት ተይዛ የቆየች፣ ወንበሯ ከአባቴ አጠገብ የነበረ። አባቴ ሲነቁ ፊታቸውን ታጥበው መጡ፤ ከኪሳቸው ክራቫታቸውን አውጥተው አሰሩ፤ የሱፋቸውን እጅጌ በመዳፋቸው ጠራረጉ። በመስኮት ወደ ታች አዩ፤ ውሃ ነው። ስቶክሆልም ባሕር ዳር መሆኗን በፈቃዱ ነግሯቸው ስለነበር ደስ አላቸው። ቆይተው ደግመው አዩ፤ አሁንም ውሃ ነው። ከዚያ ወደ አየለች ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ሁለት ሰዓት አልሞላም እንዴ? ለመድረስ ምን ያህል ቀረን?»

«ኧረ አባባ፣ ገና ነው፤ ስድስት ሰዓት ያህል ይቀረናል።»

«ስቶክሆልም ስድስት ሰዓት?»

«ስቶክሆልም?» አለች አየለች። «አባባ፣ ይሄ እኮ ወደ ዋሽንግተን ነው የሚሄደው። ማን አሳፈረዎት?»

«ልጄ ጋ ነው የምሄደው» አሉ አባቴ። «ልጄ ስቶክሆልም ነው።»

አየለች ደወሉን ተጫነች። አስተናጋጇ መጣች፤ ወረቀታቸውን አየች፤ ሌላዋን ጠራች፤ ሁለቱም በጣም አዘኑ። አውሮፕላን ግን መንገድ ዳር አይቆምም። አባቴ አልጮኹም። ክራቫታቸውን ፈትተው፣ በጥንቃቄ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ መልሰው ከተቱ። «እስክንደርስ ድረስ እንደዚያ ተቀምጠው መስኮቱን ነበር የሚያዩት» ብላኛለች አየለች።

በዚያው ሰዓት በፈቃዱና ሳምሪ ፍራንክፈርት ገቡ። ጠረጴዛችሁ ላይ በአባቴ ስም ቢጠይቁ ሠራተኛችሁ ፈገግ ብሎ «ተሳፍረዋል!» አላቸው። ወዴት ብለው አልጠየቁም። ሰው ልጁ ሰርግ ሊሄድ ፍራንክፈርት ቢቀመጥና ተሳፈረ ቢባል ወዴት ይሄዳል? በፈቃዱ ክሊኒክ ድረስ ደወለልኝ። «ሄደዋል፣ ብሩክቲ! አባባ ስቶክሆልም ገብተዋል ማለት ነው!» እያለ ይጮሃል። እኔም የያዝኩትን ናሙና አስቀምጬ እልል አልኩ። የሳምሪ ወላጆች አበባ ገዝተው ስቶክሆልም ኤርፖርት ወጡ። እስከ ማምሻው ቆሙ። በአባቴ ምትክ፣ ያን ዕለት በተከፈተው የስቶክሆልም በረራ፣ የደረሰው ሻንጣቸው ነው። ብቻውን በማመላለሻው ላይ ሲዞር ስሙን አንብበው አነሡት።

ብዙም ሳይቆይ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። «እኅቴ፣ አየለች እባላለሁ። አባትሽ እዚህ ደለስ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ደህና ናቸው፣ አትደንግጪ። ነይና ውሰጃቸው።»

5. አምስተኛውን አሳጥረዋለሁ። አባቴ የያዙት የስዊድን ቪዛ ጀርመንንም የሚጨምር፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነበር። ፍራንክፈርት ሲገቡ ማኅተም ተመታበት፤ ሲወጡም ተመታበት፤ አለቀ። አዲስ ሲጠይቁ፣ ባለፈው ስዊድን አለመድረሳቸውን የምትገልጽ አንዲት መስመር ከአየር መንገዱ እንዲያመጡ ተነገራቸው። ወንድሜም ወደዚህ ለመምጣት ያመለከተው ቪዛ ተከለከለ። ስለዚህ ያቺን መስመር ልለምን ዳግመኛ አሌክሳንድሪያ መጣሁ። እርስዎም ኮምፒውተርዎን ተመልክተው፣ ሻንጣው ስቶክሆልም ስለደረሰ ተሳፋሪውም እንደደረሱ መመዝገቡን፣ የተመዘገበውን ለመለወጥ ሥልጣን እንደሌለዎት በአዘኔታ ነገሩኝ።

እኔም፣ «አባቴ ታች መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ልጥራቸውና ይዩዋቸው» አልኩዎት።

«አምንዎታለሁ» አሉኝ። «ሲስተሙ ግን ደርሰዋል ይላል።»

ከጉዞው ወዲህ አምስት ወር ሆነ። አባቴ ከቤዝመንቱ ብዙም አይወጡም። እሁድ እሁድ በፈቃዱ ይደውላል፤ አሁን ያለ እኔ ይነጋገራሉ፤ ይህ እንኳ አንድ ነገር ነው። የሚነጋገሩት ግን ስለ ሱፉ ብቻ ነው። «ትከሻው ልክ ሆነ?» ይላሉ። «ልክ ነው አባባ።» «እጅጌውስ?» «ትንሽ አጥሯል።» «ትርፍ ትቼበታለሁ፤ ስትመጣ ወይም ስመጣ አስረዝመዋለሁ።» ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እሱ አይጠይቅም፤ እሳቸው በስልክ አይናገሩም። ዝምታውን ከማድ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ከደለስ ሳመጣቸው፣ መኪና ውስጥ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ለልጁ ንገሪው አላሉኝም፤ በስልክ እንዳልነግረውም አስጠንቅቀውኛል። ለአየር መንገድ አትጻፊ ግን አላሉኝም። ስለዚህ የሚከተለው አንቀጽ ለክቡርነትዎ ምንም ስለማይጠቅም ቢዘሉት አይጎዳዎትም። ይህን ጋዜጣ ስቶክሆልም ሆኖ በኢንተርኔት የሚያነብ አንድ ሰው ግን አለ።

በፈቃዱ፣ ስልኩ ባይሞት ኖሮ አባባ የሚሉህ ይህን ነበር፦ «እናትህ ስትሞት የተናገርኩህን ያንን ቃል አንሥቼዋለሁ። እኔን የምትቀብረኝ አንተ ነህ።» አሜን የተባለው በዚህ ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ካርታውና ስለ ሁለቱ ጣቶችዎ እያመሰገንኩ፣ በሄዱበት ሁሉ የሚደርሱ፣ ሲደርሱም የሚጠብቅዎት ሰው የማያጡ እንዲሆኑ እመኛለሁ። ያቺን አንዲት መስመር በትሕትና የምትጠብቅ፣ ከዚህ በኋላም ከመጠበቅ ሌላ ምን ማድረግ እንደምትችል የማታውቅ፣

አክባሪዎ
ብሩክታይት ወልደአምላክ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስኩ ከእናንተ ለአባቴ ኢሜይል ደረሳቸው። ከፍራንክፈርት ወደ ስቶክሆልም ስለ በረሩ ለነጻ በረራ የሚጠራቀም ሰባት መቶ ስልሳ ማይል ሽልማት ተጨምሮላቸዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። አባቴ ያልበረሩበትን መውሰድ ስለማይወዱ ማይሉን ለእርስዎ እንድመልስ አዘውኛል። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥተው አባቴ ስቶክሆልም አለመድረሳቸውን በዓይንዎ ለማየት ከበቂ በላይ ነው።